«ዳ»፦ የናፖሊን ሙዚየሞች በአንዲት ትንሽ ቃል መጎብኘት

በናፖሊ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ከየቅርሱ አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ካርድ ጠጋ ብሎ የሚያነብ ሰው አንዲት ቃል ደጋግማ ትገጥመዋለች። «ዳ ፖምፔይ» ይላል አንዱ፤ «ዳ ኤርኮላኖ» ይላል ሌላው፤ «ዳ ሮማ» ይላል ሦስተኛው። «ዳ» በጣልያንኛ የእኛዋ «ከ» ናት። ዕቃው ተነሥቶ የመጣበትን ቦታ ትናገራለች። አብዛኛው ጎብኚ የቅርሱን ስምና ዘመን አይቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አንሥቶ፣ ያችን ቃል ሳያያት ያልፋል።

እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አልፌያት ነበር። በሁለት ቀን ስድስት ሙዚየም ለማዳረስ ስሯሯጥ ዋልኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ያየሁትን ላስታውስ ስሞክር በአእምሮዬ የቀረው የእብነ በረድ ንጣትና የሰው ግፊያ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ግን ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ቆሜ «አንተ ከየት መጣህ? ማን አመጣህ? በምን መንገድ?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ከተማዋ የተከፈተችልኝ። እዚህ የማካፍላችሁ ይህንኑ የአጎበኛኘት ዘዴ ነው። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በሜዲትራኒያን ዙሪያ ሙዚየም የሞላባቸው ትልልቅ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ አቴና አለች፣ ባርሴሎና አለች፣ እስክንድርያ አለች። ናፖሊን የመረጥኩት አንድ ዕቃ ወደ ሙዚየም ሊገባ የሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በእግርና በከተማ ባቡር በሚደረስ ርቀት ስለሚገኙባት ነው። በጋብቻና በውርስ የመጣ አለ፤ ከአመድ ሥር የወጣ አለ፤ እስከ ዛሬ ባዘዙት ሰዎች እጅ ያለ አለ፤ ተዘርፎ የተመለሰ አለ። በወረራ ስም የተሠራም አለ፤ ይህ የመጨረሻው እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል።

ከአርኪዮሎጂ ሙዚየሙ እንነሣ። ሕንፃው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለፈረሰኛ ጦር ሰፈር ተብሎ የተጀመረ ነው። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም የቡርቦን ነገሥታት ሙዚየም አደረጉት። ከመግቢያው ብዙም ሳይርቅ ግዙፎቹ የፋርኔዜ ሐውልቶች ቆመዋል። የተገኙት ሮም ውስጥ፣ በንጉሠ ነገሥት ካራካላ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ነው። ታዲያ የሮም ሐውልት ናፖሊ ምን ይሠራል?

ነገሩ የቤተሰብ ታሪክ ነው። በ1534 ከፋርኔዜ ቤተሰብ የሆነው አሌሳንድሮ ጳውሎስ 3ኛ ተብሎ የሮም ጳጳስ ሆነ። ቤተሰቡ ቤተ መንግሥቱን የሚያስጌጥበት ቅርስ ፍለጋ የጥንቱን ፍርስራሽ ያስቆፍር ስለነበር በ1540ዎቹ እነዚህ ሐውልቶች ከመሬት ወጡ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የቤተሰቡ የመጨረሻ ወራሽ ኤሊዛቤታ ፋርኔዜ የስፔን ንግሥት ሆና ነበር። ልጇ ካርሎ በ1734 የናፖሊን ዙፋን ሲይዝ የእናቱ ቤተሰብ ሀብት ለእሱ ሆነ። ሐውልቶቹን ግን ከሮም አስጭኖ ያስመጣቸው የካርሎ ልጅ ፈርዲናንድ ነው፤ ይህም ከ1780ዎቹ ወዲህ መሆኑ ነው። አንዲት ሴት ስላገባች የሮም ድንጋይ ናፖሊ ገባ ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ መካከል በዱላው ላይ ተደግፎ የደከመው ሄርኩለስ አለ። ቁመቱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ሲገኝ እግሮቹ አልነበሩም፤ ስለዚህ ጉልየልሞ ዴላ ፖርታ የተባለ ቀራፂ አዲስ እግሮች ሠራለት። ከጊዜ በኋላ የጥንቶቹ እግሮች ተገኙ። ሆኖም አዲሶቹ እጅግ ስለተወደዱ ሐውልቱ በራሱ እግሮች ላይ የቆመው ወደ ናፖሊ ሲመጣ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ማንኛውም የጥንት ሐውልት ፊት ስትቆሙ መጋጠሚያዎቹን ፈልጉ፤ አንገት ላይ፣ ክንድ ላይ፣ አፍንጫ ላይ ቀጭን መስመር ወይም የቀለም ልዩነት ታያላችሁ። እዚያ ላይ የአንዱ ዘመን እጅ አልቆ የሌላው ይጀምራል። በፋርኔዜ ስብስብ ውስጥ ሙሉ ሆኖ የሚታይ ሐውልት ብዙ ጊዜ የሁለትና የሦስት ሰው ሥራ ነው።

ከዚሁ ስብስብ ውስጥ ትልቅነቱ የአንድ ሰሐን ያህል፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጽዋ አለ፤ «የፋርኔዜ ጽዋ» ይባላል። የሐውልቶቹ ግዝፈት ይሸፍነውና ብዙ ሰው ሳያየው ይወጣል፤ እናንተ ግን እንዳታልፉት። ከአንድ የከበረ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። የድንጋዩ ነጭና ቡናማ ንብርብሮች እየተገፈፉ ሥዕል ወጥቶባቸዋል። የተሠራው በግብፅ፣ በእስክንድርያ፣ በበጥሊሞሶች ዘመን እንደሆነ ይታመናል። በሥዕሉ ላይ ጺማም አረጋዊ ቀንድ የመሰለ የበረከት ዕቃ ይዞ ተቀምጧል፤ ብዙ ሊቃውንት ይህ ሰው ዓባይ ነው ይላሉ፤ ከፊቱ ስፊንክስ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፤ እሷን ኢሲስ ነች ይሏታል። እነሱ እንደሚሉት ከሆነ ጽዋው የሚያመሰግነው ጎርፉን ነው፤ ያ ጎርፍ ደግሞ አፈሩን ጠርጎ የሚወርደው ከእኛ ደጋ ነው። ጽዋው ከግብፅ ተነሥቶ ዓለምን ዞሯል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በመካከለኛው እስያ የተሳለ ሥዕሉ ተገኝቷል። በ1471 ሎሬንዞ ዴ ሜዲቺ ሮም ላይ እጁ አስገባው። ከሜዲቺ ቤት ወደ ፋርኔዜ ቤት የተሻገረውም እንደገና በጋብቻ ነው። አንድ ሰሐን የሚያህል ድንጋይ ይህን ሁሉ አገር አይቶ ሳይሰበር ናፖሊ መድረሱን ሳስብ እጄን በመስታወቱ ላይ አድርጌ መቆም ይቃጣኛል።

«ዳ ፖምፔይ» እና «ዳ ኤርኮላኖ» ሌላ መንገድ ናቸው። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ተራራ ሲፈነዳ ሁለቱም ከተሞች በአንድ አደጋ ጠፉ፤ አጠፋፋቸው ግን ለየቅል ነው። ፖምፔይ ላይ መጀመሪያ የዘነበው ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠርና አመድ ነው። ጣሪያውን እየደረመሰ ከተማዋን ከ4 እስከ 6 ሜትር በሚሆን ንብርብር ሸፈናት። ኤርኮላኖን ደግሞ ከተራራው ተንደርድሮ የወረደ እጅግ የጋለ የአመድና የጋዝ ጎርፍ በ20 ሜትር ገደማ ቀበራት። ሙቀቱ እንጨቱንና እህሉን አከሰለው፤ አየር ስላልደረሰውም ነዶ አላለቀም፣ ቅርጹን እንደያዘ ቀረ። ከሰል ሲከሰል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንጨቱ በአፈር ተሸፍኖ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ከሰል ይሆናል፤ ነፋስ ያገኘ እንደሆነ ግን ይነድድና አመድ ብቻ ይተርፋል። ኤርኮላኖ ከተማ የሚያህል የከሰል ጉድጓድ ሆነች።

ሙዚየሙ ውስጥ ዳቦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ክብ ነው፤ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ከመሐሉ ወደ ዳር በስምንት ተሠንጥቆ ለመቁረስ ተዘጋጅቷል። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ በሚታደልበት ቤት ላደገ ሰው ቅርጹ እንግዳ አይሆንበትም። ኤርኮላኖ ከተገኙት ዳቦዎች በአንዱ ላይ ሊጡ ሳይጋገር የታተመ ጽሑፍ ይነበባል፦ የኩዊንቱስ ግራኒዩስ ቬሩስ ባሪያ የኬሌር ይላል። ሊጥ ወደ ጋራ ምድጃ እየተወሰደ ስለሚጋገር የማን ዳቦ የማን እንደሆነ ለመለየት እንደታተመ ይታሰባል። በዚያ ሙዚየም የነገሥታት፣ የአማልክትና የጀግኖች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ሞልቷል። የአንድ ባሪያ ስም ደግሞ በዳቦ ላይ ተጽፎ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከዚህ ዳቦ ፊት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቁሙ እላለሁ፤ ከሄርኩለስ ፊት ከምትቆሙት ይልቅ።

የግድግዳ ሥዕሎቹ ክፍል ውስጥ ስትገቡ አንድ የሚያደናግር ነገር ታያላችሁ። ሥዕሎቹ እንደ ዘመናችን ሥዕል አራት ማዕዘን ሆነው በክፈፍ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ጥንት ግን ሰው ክፍሉን በሙሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ነበር የሚያስለው። በኤርኮላኖ ቁፋሮው በ1738፣ በፖምፔይ ደግሞ በ1748 ሲጀመር ዓላማው የንጉሡን ስብስብ ማበልጸግ ነበር። ቆፋሪዎቹ ከግድግዳው ያማረውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በመሐል ያለውን ትንሽ ትዕይንት፣ በመጋዝ እየቆረጡ ያነሡት ነበር። ፖምፔይ ሄዳችሁ የቆማችሁ እንደሆነ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ታያላችሁ፤ ናፖሊ ደግሞ ያንን አራት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ስለዚህ ምክሬ ፍርስራሹን አስቀድማችሁ እዩ የሚል ነው። ባዶውን ያየ ሰው ነው የጎደለው ምን እንደሆነ የሚገባው።

በዚሁ ሙዚየም ያለው የእስክንድር ሞዛይክ በ1831 ፖምፔይ ውስጥ «የፋውን ቤት» በተባለው ሰፊ መኖሪያ ወለል ላይ የተገኘ ነው። ርዝመቱ 5.82 ሜትር፣ ወርዱ 3.13 ሜትር ነው። ታላቁ እስክንድር የፋርሱን ንጉሥ ዳርዮስን ሲገጥመው ያሳያል። ሰው ሁሉ የሚፈልገው የእስክንድርን ፊት ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ በፈረስ ሲመጣ ይታያል። እኔን የያዘኝ ግን ታች የወደቀ አንድ የፋርስ ወታደር ነው። ጀርባውን ሰጥቶናልና ፊቱን በቀጥታ አናየውም። በአጠገቡ ያለው ጋሻ የተወለወለ በመሆኑ ሊሞት ሲል የራሱን ፊት በዚያ ውስጥ ያያል፤ እኛም የምናየው እዚያው ውስጥ ነው። ሠሪው ይህን ያወጣው የጥፍር ያህል እንኳ በማይሞሉ የድንጋይ ፍንካቾች ነው። ከ2021 ጀምሮ ሞዛይኩ ትልቅ ጥገና ስለተደረገለት፣ ስትሄዱ በምን ሁኔታ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከኤርኮላኖ የወጣ ሌላ ትልቅ ቅርስ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም፤ በናፖሊ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ከ1752 ጀምሮ በአንድ የባሕር ዳር ቪላ ውስጥ የከሰሉ የፓፒረስ ጥቅልሎች ተገኙ፤ ቁጥራቸው ቁርጥራጩ ጭምር 1800 ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የተቃጠለ እንጨት መስለዋቸው ነበር። አንቶኒዮ ፒያጆ የተባለ ካህን ጥቅልሉን በሐር ክር አንጠልጥሎ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ እንዲተረተር የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። አንዱን ለመክፈት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ጥቅልሉን ሳይነኩ በኤክስሬይ ውስጡን እያነሡ በኮምፒውተር ማንበብ ተጀምሯል። በ2023 ፓሪስ ካለው አንድ ጥቅልል በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተነበበው ቃል ሐምራዊ ማለት ነው። የቪላውን የነሐስ ሐውልቶች ግን በአርኪዮሎጂ ሙዚየሙ ታገኟቸዋላችሁ፤ ለመሮጥ ያጎነበሱት ሁለት ወጣቶች ዓይናቸው ገና እንደተሠራ ያበራል።

ከሙዚየሙ ወጥታችሁ ወደ አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ስትገቡ «ዳ» የምትለዋ ቃል ሥራ የምታጣባቸው ቦታዎች አሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ፒዮ ሞንቴ ዴላ ሚዜሪኮርዲያ ነው። በ1602 ሰባት ወጣት መኳንንት ድሆችን ለመርዳት ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ አሠራሩን ለመረዳት እድርን አስቡ፤ መዋጮ አለ፣ ተራ አለ፣ የሚጎበኝ በሽተኛ አለ፣ የሚቀበር ሬሳ አለ። ካራቫጆ በ1606 ሮም ውስጥ ሰው ገድሎ ሸሽቶ ናፖሊ ሲገባ ይህ ማኅበር ሥዕል አዘዘው፤ 400 ዱካት ከፈለው። ሥዕሉ አሁንም በዚያው በማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን፣ በመሠዊያው ላይ ነው።

የሥዕሉ ስም «ሰባቱ የምሕረት ሥራዎች» ነው። የተራበ ማብላት፣ የተጠማ ማጠጣት፣ የታረዘ ማልበስ፣ እንግዳ መቀበል፣ የታመመና የታሰረ መጠየቅ፣ የሞተ መቅበር፤ ካራቫጆ እነዚህን በሰባት ሥዕል ማሳየት ሲችል ሁሉንም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ የናፖሊ ጠባብ መንገድ ላይ አጨናንቆ ሣላቸው። በስተቀኝ በእስር ቤት ፍርግርግ አንገቱን ያወጣ ሽማግሌ አለ፤ ልጁ ጡቷን እያጠባችው ዙሪያዋን ትቃኛለች። ይህ የጥንት ሮማውያን ታሪክ ነው፤ በረሃብ እንዲሞት የተፈረደበትን አባቷን በጡቷ ያዳነች ሴት ታሪክ። የተራበ ማብላትና የታሰረ መጠየቅ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ተፈጽመዋል። ቀረብ ብላችሁ ጺሙን እዩ፤ አንዲት የወተት ጠብታ አለች። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ከማዕዘኑ የሚወጣ ሬሳ ይታያል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ከወጣችሁ በኋላ መንገዱን አስተውሉት፤ ያው ጨለማ፣ ያው ጠባብነት፣ ያው የሰው ግፊያ አለ። ይህ ሥዕል ወደ ሌላ አገር ትልቅ ሙዚየም ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የግማሹን ትርጉም በሩ ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር። ማኅበሩም እስካሁን ድሆችን ይረዳል።

የሳንሴቬሮ ቤተ ጸሎት ከዚያ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያለው «የተሸፈነው ክርስቶስ» በ1753 በጁዜፔ ሳንማርቲኖ ከአንድ እብነ በረድ የተቀረጸ ነው። ከላይ የለበሰው ስስ ሻሽ የእብነ በረድ ነው፤ በሻሹ ሥር ግን የግንባሩ የደም ሥርና የሚስማሩ ቀዳዳ ይለያሉ። ሥራውን ያዘዘው ልዑል ራይሞንዶ ዲ ሳንግሮ በኬሚስትሪ ምርምር የታወቀ ስለነበር እውነተኛ ጨርቅ አልብሶ በኬሚካል ወደ ድንጋይ ለወጠው የሚል አፈ ታሪክ ለዘመናት ሲነገር ኖሯል። አፈ ታሪኩ የቀራፂውን እጅ ያስረሳል፤ እኔ አልወደውም። እዚህ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ይህ ክልከላ ለጎብኚው የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው በዓይኑ ያያል። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድማችሁ ያዙ።

ስለ ትኬት ካነሣሁ ላይቀር ስለ ቀናትም ልበል፤ አርኪዮሎጂ ሙዚየሙና ሳንሴቬሮ በተለምዶ ማክሰኞ ይዘጋሉ፤ በኋላ የምንሄድበት የካፖዲሞንቴ ሙዚየም ረቡዕ ነው የሚዘጋው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ወደ መንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ይገባል፤ ግን ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ሙዚየምና ከአንድ ትንሽ በላይ አታድርጉ። ትልቁን ጠዋት፣ ዓይንም እግርም ሳይደክም። በየመሐሉ በከተማዋ ባቡር ስትሄዱም ዓይናችሁን አትክደኑ። ባቡሩ የሚሄድበት ዋሻ ሲቆፈር የጥንቱ ከተማ እየወጣ ሥራውን ያዘገየው ነበር። በሙኒቺፒዮ ጣቢያ ቁፋሮ የሮማውያን ዘመን ወደብና መርከቦች ተገኝተዋል። በ2012 የተከፈተው የቶሌዶ ጣቢያ ደግሞ ራሱ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው፤ በሰማያዊ ሞዛይክ ተሸፍኖ 50 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል፣ ባሕር ውስጥ የመግባት ያህል ነው።

ካፖዲሞንቴ ከከተማው በላይ በኮረብታ፣ በሰፊ ደን መካከል ያለ ቤተ መንግሥት ነው። ካርሎ በ1738 ያስጀመረው የእናቱን ቤተሰብ ሥዕሎች የሚያኖርበት ቤት ፈልጎም ጭምር ነው። እዚያ ብዙ አለ፤ ቲሲያን አለ፣ ማሳቾ አለ፣ አርቴሚዚያ ጀንቲሌስኪ አለች። እኔ ግን አንድ ሥዕል ብቻ ፊት ላቁማችሁ። የፍላንደሩ ፒተር ብሩጌል በ1568 የሣለው ነው። ስድስት ዕውሮች እርስ በርስ በትከሻና በበትር ተያይዘው ይሄዳሉ፤ መሪያቸው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ወድቋል፣ ሁለተኛው በመውደቅ ላይ ነው፣ የመጨረሻው ገና ምንም አላወቀም። ነገሩ ወንጌል ላይ ስለ ዕውራን ከተነገረው ምሳሌ የተወሰደ ነው። ብሩጌል ዕውርነትን እንዲያው በጥቅሉ አልሣለም። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን የታመመው በተለያየ በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ሥዕሉን አይተው የአንዱን የዓይን ብሌን ጠባሳ፣ የሌላውን የወጣ ዓይን ለይተው በስም ጠርተዋል። ሠዓሊው እነዚህን ሰዎች ፊታቸው ተቀምጦ ያያቸው ይመስላል።

ይህ ሥዕል ናፖሊ የገባበት መንገድ ከሁሉም ይበልጥ ጠማማ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓርማ ውስጥ የፋርኔዜው መስፍን አሢረውብኛል ካላቸው መኳንንት ንብረት ሲወርስ አብሮ ተወረሰ። ከዚያ በውርስ ወደ ናፖሊ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለደኅንነቱ ሲባል ከሌሎች ጋር ወደ ሞንቴ ካሲኖ ገዳም ተላከ። የጀርመን ጦር በ1943 ሣጥኖቹን ከገዳሙ ሲያወጣ የተወሰኑት ተለይተው ለሔርማን ጎሪንግ ተወሰዱ፤ የብሩጌል ዕውሮችና የቲሲያን ዳናይ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ አውስትሪያ ውስጥ በአልታውሴ የጨው ማዕድን ዋሻ ተገኙ፤ ከዚያም ተመለሱ። ጣልያን ተዘርፎበት የተመለሰለትን ቅርስ ያውቃል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተጭኖ ሮም ሄዶ በ2005 እንደተመለሰ የምናውቅ እኛም ነገሩ ከሁለቱም ወገን ይገባናል።

አሁን ወደ ፉዎሪግሮታ ሠፈር እንሂድ። ሞስትራ ዶልትሬማሬ የሚባለው ሰፊ የዓውደ ርእይ ሥፍራ እዚያ ነው። ስሙ የባሕር ማዶ ዓውደ ርእይ ማለት ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት ቅኝ ግዛቶቹን ለሕዝቡ ለማሳየት አሠርቶት በግንቦት 9፣ 1940 ተከፈተ። ከወር ብዙም ሳይበልጥ፣ በሰኔ 10፣ ጣልያን ጦርነት ውስጥ ገብታ ተዘጋ። ከፓልምና ከጥድ ዛፎቹ መካከል አንድ የምታውቁት ሕንፃ ይታያችኋል፤ በውኃ ገንዳ መሐል የቆመ፣ በድልድይ የሚገባበት የድንጋይ ቤት። የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ቅጂ ነው።

ይህ ሕንፃ ከጎንደር አንድ ድንጋይ አላመጣም፤ የመጣው ቅርጹ ብቻ ነው። ሲሠራ አርበኞች በጎጃም፣ በጎንደርና በሸዋ ገና ይዋጉ ነበር፤ ዓውደ ርእዩ በተከፈተ በዓመቱ፣ በግንቦት 5፣ 1941፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ቅጂው ግን እዚያው ቀረ፤ ታድሶ ዛሬም ይታያል። ጎንደር ላይ ያለው በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ የዛፎቹ ሥር ግንቡን አቅፎታል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን ካህናቱ ሲባርኩት ወጣቱ ከግንቡ ላይ ይዘልላል።

ሞስትራ ላይ የመጣው ቅርጽ ብቻ አልነበረም። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ተጭነው መጥተው በተሠራላቸው መንደር ውስጥ ለተመልካች እንዲታዩ ተደርገዋል። ጦርነቱ ሲፈነዳ የባሕሩ መንገድ ተዘጋና እዚያው ቀሩ። ናፖሊ በቦምብ ስትደበደብ በ1943 በማርኬ ክልል ትሬያ አጠገብ ወዳለችው ቪላ ስፓዳ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ጠፍተው ተራራ ላይ ካሉት ፀረ ፋሺስት ተዋጊዎች ጋር ተቀላቀሉ። «ማሪዮ» በሚባለው ቡድን ውስጥ ከጣልያኖች፣ ከዩጎዝላቮች፣ ከሶቪየቶችና ከእንግሊዞች ጎን ተሰለፉ። ካርሎ አባማጋል በሚል ስም የሚታወሰው ኢትዮጵያዊ በኅዳር ወር 1943 በሳን ቪቺኖ ተራራ አካባቢ በውጊያ ወደቀ።

ወደ ሞስትራ ለመሄድ የኩማና ባቡር ይዛችሁ «ሞስትራ» ጣቢያ ውረዱ። ግቢው በዓውደ ርእይ ቀናት የሚጨናነቅ በመሆኑ መዋኛውን ለማየት ይፈቀድ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ ከድልድዩ ወዲህ፣ ከገንዳው ዳር ቁሙና በ1940 ከዚሁ ግቢ እንዲታዩ የቆሙት ሰዎች ይህን ሕንፃ ሲያዩ ምን እንዳሉ ገምቱ፤ ጎንደርን የሚያውቅ ከመካከላቸው ከነበረ፣ ውኃው የማይባረክበትን ፋሲል መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።